ልጄን የማያውቀው መጽሐፍ፦ ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፉትን እንዴት እናንብባቸው?

ትልቋ ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ጠዋት ነው፤ ጫማ አላደርግም ብላ ወለሉ ላይ ተንጋላለች። እኔ ማታ አንብቤ የጨረስኩትን ምዕራፍ በልቤ ይዤ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። መጽሐፉ እንዳዘዘው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ «አሁን ከባድ ስሜት ውስጥ እንዳለሽ አስተውያለሁ፤ ስሜትሽንም አከብራለሁ» አልኳት። ልቅሶዋን አቋርጣ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሁለት እጆቿን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «እማዬ፣ እንደሱ አታውሪ! እንደ እማዬ አውሪ!» ብላ ከበፊቱ ብሶ እሪታዋን አቀለጠችው።

ያን ቀን ጫማውንም እሷንም ተሸክሜ ወጣሁ። ማታ ግን የተናገረችው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። መጽሐፉ አልተሳሳተም ነበር፤ ልጅ ሲናደድ አስቀድሞ ንዴቱን ማየትና ስም መስጠት እንደሚረዳ ዛሬም አምናለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። መጽሐፉ ልጄን አያውቃትም፣ እኔንም አያውቀኝም፣ የምናወራበትንም ቋንቋ አያውቀውም። እነዚህን ሦስቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ይህን ድርሻዬን ራሴ መሥራት ስጀምር ነው ንባቤ ለቤታችን መጥቀም የጀመረው።

አሁን ትልቋ አሥራ አንድ፣ ትንሹ ወንድሟ ሰባት ሞልቷቸዋል። በእነዚህ ዓመታት ስለ ልጆች የተጻፉ ከአርባ የማያንሱ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ አንዳንዱን ሦስቴ፣ አንዳንዱን እስከ ሃያኛው ገጽ። ከዚህ በታች ያለው መጽሐፍ ገዝታችሁ፣ ወይም ተውሳችሁ፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ «ታዲያ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?» ለምትሉ ነው።

መጽሐፉ ከመገለጡ በፊት አንድ ሳምንት

አዲስ መጽሐፍ እጄ ሲገባ ወዲያው አልጀምረውም። አንድ ተራ ደብተር አወጣና ለሰባት ቀን ስለ ልጄ እጽፋለሁ። በአንድ ጊዜ ከአምስት መስመር አይበልጥም፦ ሰዓቱ፣ ከዚያ በፊት ምን እየሆነ እንደነበር፣ ልጁ ያደረገው፣ እኔ ያደረግኩት፣ ነገሩ በምን እንዳበቃ። ፍርድ አይገባበትም። «ባለገ» ብዬ አልጽፍም፤ «ማንኪያውን ወረወረ» ብዬ እጽፋለሁ። «አበደች» አልልም፤ «ሃያ ደቂቃ አለቀሰች፣ ታቅፌ መስኮቱ ጋ ስወስዳት ዝም አለች» እላለሁ።

የመጀመሪያው ደብተሬ የተጀመረው በዚያው በጫማው ሳምንት ነው። ለሰው ሳወራ «ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ነው የምትውለው» እል ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ልቅሶ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ የተነሱት የያዘችውን ነገር ትታ ሌላ እንድትጀምር ሲነገራት ነው። ከጨዋታ ወደ ገላ መታጠብ፣ ከገላ መታጠብ ወደ ልብስ መልበስ፣ ከቤት ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ቤት። ገላዋን መታጠብ የምትጠላ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ውኃው ውስጥ ከገባች በኋላ መውጣቱም ያስለቅሳታል። የጠላችው መሻገሩን እንጂ ውኃውን አልነበረም።

ይህን ሳላውቅ ስለ ንዴት የተጻፈውን ምዕራፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ደብተሩን ካየሁ በኋላ ግን ማውጫው ላይ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነበር፤ ልጅን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ስለማሸጋገር የሚያወሩ አራት ገጾች። እነዚያ አራት ገጾች ከቀረው መጽሐፍ ሁሉ ይልቅ ረዱን። ምክራቸው አስቀድሞ መንገር ነው፤ ያውም ልጁ በሚያየው ነገር። «አምስት ደቂቃ ቀረሽ» ማለት ለሦስት ዓመት ልጅ ባዶ ድምፅ ነው። «ሁለት ኩብ ስትጨምሪ እንነሳለን» ሲባል ግን ሁለቱን ኩብ ታያቸዋለች። ከጨዋታው አንዲት ነገር ይዛ እንድትሻገርም ፈቀድኩላት። ለሦስት ወር ያህል አንዲት የፕላስቲክ ዳክዬ ሳትይዝ ከየትም ወደ የትም አልሄደችም።

ደብተሩ ስለ እኔም ተናገረ። «እኔ ያደረግኩት» በሚለው መስመር ላይ አምስት ጊዜ «ከሌላ ክፍል ሆኜ ተጣራሁ» የሚል ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ደርሼ፣ ትከሻዋን ነክቼ፣ ቀና ብላ እስክታየኝ ጠብቄ ነው የምናገረው። ይህን የትኛውም መጽሐፍ አልነገረኝም ነበር።

የትኛውን ዓይነት መጽሐፍ መጀመሪያ?

ስለ ልጆች የሚጻፉት መጻሕፍት በእኔ አከፋፈል ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ «ምን ላድርግ?» ለሚል ወላጅ የሚመልስ ነው፤ እንቅልፍ፣ ሥርዓት፣ ሽንት ቤት ማስለመድ፣ የወንድምና የእህት ጠብ። ሁለተኛው «ልጁ ለምን እንዲህ ይሆናል?» የሚለውን ያብራራል። ሦስተኛው አብረን ምን እንሥራ፣ ምን እንጫወት፣ ምን እናንብብ የሚል ነው።

አብዛኞቻችን የምንገዛው የመጀመሪያውን ነው፤ የምንገዛውም ጨንቆን ነው። እኔ ግን ከልቤ የምመክረው ከሁለተኛው እንድትጀምሩ ነው። አንድ ጥሩ የ«ለምን» መጽሐፍ ያነበበ ሰው አሥር የ«ምን ላድርግ» መጻሕፍትን መመዘን ይችላል።

የእኔን ዓይን የከፈተው ስለ ልጆች ጠባይ ያነበብኩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ኒው ዮርክ ውስጥ ሕፃናትን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ መከታተል ጀመሩ። ጥናታቸው 133 ልጆችን ይዞ እነሱ አዋቂ እስኪሆኑ ድረስ ዘለቀ። በዚያ ዘመን ልጅ ካስቸገረ ጥፋቱ የእናት ነው የሚለው አስተሳሰብ በባለሙያዎቹም ዘንድ ሰፊ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች ግን ልጆች ገና ከጅምሩ ይለያያሉ አሉ፤ በእንቅስቃሴ ብዛት፣ በእንቅልፍና በረሃብ ሰዓት መደበኛነት፣ ለአዲስ ነገር በሚሰጡት ምላሽ፣ በለውጥ አቀባበል፣ በስሜት ብርታት፤ በጠቅላላው በዘጠኝ ነገር። ከልጆቹ 40 በመቶ ያህሉ ቀለል ያሉ፣ 10 በመቶ ያህሉ አስቸጋሪ፣ 15 በመቶ ያህሉ ደግሞ አዲስ ነገርን ቀስ ብለው የሚለምዱ ነበሩ። የቀሩት 35 በመቶ ከአንዱም ምድብ በደንብ አይገቡም። የልጁን እድገት የሚወስነው ጠባዩ ብቻውን አይደለም፤ ጠባዩና አካባቢው ምን ያህል ይስማማሉ የሚለው ነው።

ልጆቼ ከአንድ ማሕፀን ቢወጡም እንደ ቀንና ሌሊት ናቸው። እሷ ስትደሰትም ስትከፋም ሰፈር ይሰማል፤ ለአዲስ ሰው ግን ወዲያው ነው የምትቀርበው። እሱ ደግሞ ሰው የበዛበት ክፍል ሲገባ እግሬን አቅፎ ከኋላዬ ይደበቃል፤ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ። ለእሷ የሠራውን ምክር ለእሱ ሞከርኩት፦ ወደ መሃል ማስገባት፣ ማበረታታት፣ «ሂድ እስቲ፣ ሰላም በል» ማለት። ባበረታታሁት ቁጥር እግሬን አጥብቆ ይይዛል። የተፈታው ቀድመን መድረስ ስንጀምር ነው። ክፍሉ ባዶ ሳለ ከገባን እሱ ቦታውን ይለምዳል፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ እሱ ይመጣሉ። ልጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምንደርስበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ስታነቡ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «የትኛው ልጅ?» ብላችሁ ጻፉ። ምክሩ የተጻፈው ለቁጡ ልጅ ነው ወይስ ለጭምት? ለሁለት ዓመት ልጅ ነው ወይስ ለስምንት? ደራሲው ይህን ካልለየ እናንተ ለዩት።

መጽሐፉን ጠይቁት

ከሽፋኑ ቀጥሎ የማየው ገጽ የታተመበት ዓመትና እትሙ ያለበት ነው። ለልብ ወለድ ዓመቱ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። ለልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ ግን የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉን አጋንኜ አይደለም።

ትልቋ ስትወለድ የባለቤቴ እናት ሊያግዙን መጥተው ነበር። ሕፃኗን በሆዷ ሲያስተኟት አየሁና «መጽሐፉ እንዲህ አይልም» ብዬ ገለበጥኳት። ቅር አላቸው። በማግስቱ ሲያነጋግሩኝ «እኔ ከራሴ አምጥቼው መሰለሽ? ያኔ ሐኪሞቹ ናቸው እንዲህ አስተኟቸው ያሉን» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክ እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው መጽሐፍ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች የገባ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡት እትሞቹ ሕፃናት በሆዳቸው ቢተኙ ይሻላል ይሉ ነበር፤ ምክንያቱም በጀርባው የተኛ ሕፃን ቢያስመልሰው ሊታነቅ ይችላል የሚል ሥጋት ነው። ምክንያቱ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ነገር ግን በሆድ መተኛት ሕፃናት ተኝተው በድንገት የሚሞቱበትን አደጋ እንደሚጨምር ጥናቶች አሳዩ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብዙ አገሮች «በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ተካሄደ፤ እንዲህ ያለው ሞትም በእጅጉ ቀነሰ። በኋላ ማስረጃዎቹን የመረመሩ ሰዎች አደጋው በ1970 ገደማ ሊታወቅ ይችል እንደነበር ጽፈዋል።

እኚህ ሴት በዘመናቸው የነበረውን ምርጥ ምክር ተከትለው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ይህ ሲገባኝ አነጋገሬን ለወጥኩ። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ማለቱን ትቼ «እማማ፣ እርስዎ ሌሊት ሲያለቅስብዎ እንዴት ያደርጉ ነበር?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ስለ ማባበልና ስለ ትዕግሥት ብዙ ነገር ከእሳቸው ተማርኩ። አደጋ ባለበት ነገር ላይ ግን አልተደራደርኩም፤ አዲሱን መረጃ አብረን አነበብነው፤ ከዚያ በኋላ ሕፃኗን በጀርባዋ የሚያስተኟት ራሳቸው ሆኑ።

ቀጥሎ የምጠይቀው ደራሲው ይህን በምን አወቀ የሚለውን ነው። ጆን ዋትሰን የተባለው ዝነኛ የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያቅፉና እንዳይስሙ፣ ጭናቸው ላይም እንዳያስቀምጡ፣ ጠዋት እንደ ትልቅ ሰው እጃቸውን ጨብጠው ሰላም እንዲሏቸው መክሯል። ያኔ ይህ «ሳይንስ» ተብሎ ነበር የሚነበበው። በእርግጠኝነት የተናገረ ሁሉ ያውቃል ማለት አይደለም። እኔ ደራሲ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «ለአንዳንድ ልጆች»፣ «እስካሁን በምናውቀው» ሲል የበለጠ አምነዋለሁ። በየገጹ «ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» የሚል መጽሐፍ ሳይ እርሳሴን አነሳለሁ።

ደግሞም አንድ ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲዘዋወር ካያችሁት ቆም በሉ። ጣፋጭ ፊቱ ተቀምጦለት «ሳትነካው ከቆየህ ሁለት ታገኛለህ» ስለተባለው ልጅ ያላነበበ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዋልተር ሚሸል ሙከራ ነው፤ የታገሡት ልጆች ኋላ በትምህርታቸው የተሻሉ ሆኑ ተብሎ ብዙ ተጽፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ900 በላይ በሆኑ ልጆች ላይ ጥያቄው እንደገና ሲፈተሽ ግን ዝምድናው ከመጀመሪያው በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ፤ የቤተሰቡ ኑሮና የመሳሰለው ታሳቢ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በጣም ቀነሰ። እኔ ይህን ሳላውቅ ልጄን በገዛ ቤቷ ፈትኛታለሁ። አራት ዓመቷ ነበር፤ ሳልጨርስ በላችው፤ እኔም ሌሊቱን ስለ ወደፊት ሕይወቷ ስጨነቅ አደርኩ። ማንም እናት በዚህ ምክንያት ሌሊቱን ስትጨነቅ ማደር የለባትም።

የመጽሐፉን ቃል ወደ ቤታችሁ አፍ መልሱት

ወደ ጫማው ልመለስ። «እንደ እማዬ አውሪ» ማለቷ ትልቅ ትምህርት ነበር። ብዙዎቹ መጻሕፍት በሌላ ቋንቋ የታሰቡ ናቸው፤ በአማርኛ ስናነባቸውም ዓረፍተ ነገሩ የመጣበትን አገር ልብስ እንደለበሰ ነው። ልጅ ይህን ወዲያው ይሰማዋል። እናቱ የሌላ ሰው ድምፅ ስታወጣ ይፈራል።

ዘዴዬ ይህ ነው። ደስ ያለኝን ምክር አነባለሁ፣ መጽሐፉን እዘጋለሁ፣ ከዚያ ያንኑ ነገር ለታናሽ እህቴ በስልክ የምነግራት ይመስል ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ። ከአፌ ሳይደነቃቀፍ የወጣውን ብቻ እወስዳለሁ። «ስሜትሽን አከብራለሁ» ሲሸጋገር «ተናደድሽ አይደል? እኔን፤ ጨዋታሽን አስቆምኩሽ» ሆነ። ሐሳቡ ያው ነው። በዚህኛው ስነግራት ግን ልጄ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ጫማው የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላም አለ። መጻሕፍቱ ልጁን ሳይሆን የሠራውን ነገር ለይታችሁ አመስግኑ ይላሉ። የእኛ «ጎበዝ!» ሁሉን ቻይ ናት፤ ለበላም፣ ለተኛም፣ ለጻፈም ጎበዝ ነው። ቃሉን መተው አልቻልኩም፣ መተውም አላስፈለገኝም፤ ከኋላው ጅራት ቀጠልኩለት። «ጎበዝ፣ ሳይፈስብህ አመጣኸው።» «ጎበዝ፣ ሦስቴ ፈርሶብሽ አራተኛ ሠራሽው።» እንዲሁም ሲወድቅ ቶሎ ከአፋችን የሚወጣው «ምንም አልሆንክም» ነው፤ ልጁ ግን ጉልበቱ እየደማ ነው። «አይዞህ» ግን ሕመሙን ሳይክድ ያበረታል። ለወንዱ ልጄ «ወንድ አያለቅስም» እንዳይባልበት ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር ቁጭ ብዬ ተነጋግሬያለሁ። «አልቅስ፣ እኔ አጠገብህ ነኝ» ሲባል ልቅሶው እንደሚያጥር ደብተሬ ውስጥ አለኝ።

አንድ ነገር፣ አሥራ አራት ቀን

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መጽሐፍ ጨርሰን በማግስቱ የእንቅልፉን ሰዓት፣ የስክሪኑን ደንብ፣ የአነጋገሩን ዘዴ ባንድ ላይ ስንለውጥ ልጁም ግራ ይገባዋል፣ እኛም በአራተኛው ቀን ወደ ነበርንበት እንመለሳለን። ከአንድ መጽሐፍ አንድ ነገር ምረጡ፤ ለሁለት ሳምንት ያዙት። መጀመሪያ ሊብስ እንደሚችል ዕወቁ፤ ልጅ የለመደው ነገር ሲቀየርበት አሮጌውን መንገድ ጠንክሮ መሞከሩ የታወቀ ነው። ትንሹን በራሱ አልጋ እንዲተኛ ስናስለምደው ሦስተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። በስምንተኛው ቀን ግን ሳይጠራኝ አደረ። በሦስተኛው ሌሊት ላይ ብንተወው ኖሮ «መጽሐፉ አይሠራም» እል ነበር።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን አወዳድሩ። ካልሠራ ያለ ጸጸት ተዉት።

ባለቤቴ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት አያነብም፤ ሙሉ መጽሐፍ አስይዤው አንድም ቀን አልጨረሰም። አሁን ሁለት ገጽ ብቻ አስምሬ እሰጠዋለሁ፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሩብ ሰዓት እንነጋገርበታለን። እሱ ያልተስማማበትን አንሞክርም። ልጆች አንዱ ወላጅ የሚለውን ሌላው ሲያፈርሰው ቶሎ ያያሉ፤ ግማሽ የተስማማንበት ጥሩ ዘዴ ሁለታችንም ከያዝነው መካከለኛ ዘዴ ያንሳል።

አብሮ ስለመጫወትና ስለማንበብ

ከሦስተኛው ዓይነት መጻሕፍት ብዙዎቹ «መቶ ጨዋታዎች»፣ «ሁለት መቶ ሥራዎች» የሚሉ ናቸው። ከእነሱ ሦስት ጨዋታ ይበቃል፤ ልጅ የሚወደው የሚያውቀውን መድገም ነው። ልቆይበት የምፈልገው በሥዕል መጽሐፍ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ላይ ያለው እውቀት ቀላልም፣ የተፈተሸም ነው።

ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች ወላጆች ለአንድ ወር ያህል አነባበባቸውን እንዲለውጡ አደረጉ። አንባቢው ልጁ፣ አድማጩ ወላጁ እንዲሆን ነው ነገሩ። በወሩ መጨረሻ እነዚህ ልጆች እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው እኩዮቻቸው በቋንቋ ፈተናዎች በብዙ ወራት ቀድመው ተገኙ። ሁለቱም ቡድን መጽሐፍ ይነበብለት እንደነበር ልብ በሉ፤ ልዩነቱ የመጣው ከአነባበቡ ነው።

ቤት ውስጥ እንዲህ ይሆናል። ትንሹ ሁለት ዓመቱ እያለ ስለ አንድ ውሻ የሚተርክ የሥዕል መጽሐፍ ነበረን። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበቤን ትቼ ሥዕሉን እያሳየሁ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ። «ውውው» አለ። «አዎ ውሻ ነው። ትልቅ ቡናማ ውሻ» ብዬ ያለውን ላይ ሁለት ቃል ጨመርኩበት። በማግስቱ እዚያው ገጽ ላይ ስንደርስ «ውሻ፣ ቱልቅ» አለኝ። ከዚያ ጥያቄው ያድጋል፦ «ምን እያደረገ ነው?»፣ «ለምን የሮጠ ይመስልሃል?»፣ «አንተስ እንዲህ ሮጠህ ታውቃለህ?»። «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የሚያመልጥበትን ጥያቄ ቀንሱ። ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ዝምታው ለእኛ ነው የሚረዝመው፣ ልጁ ቃል እየፈለገ ነው። ገጽ ወደ ኋላ ቢገልጥ አትከልክሉት። አንዱን ገጽ ብቻ ዓይቶ ቢነሳም ንባቡ ተፈጽሟል። ያንኑ መጽሐፍ ለአርባኛ ጊዜ ቢያመጣ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ እኔ ያንን የውሻ መጽሐፍ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀዋል፣ ከመጀመሪያዎቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ ከዚያ የወጣ ነው።

መጽሐፉ የሚዘጋበት ጊዜ

አንድ መጽሐፍ ካነበባችሁ በኋላ ልጃችሁን ስታዩ የሚሰማችሁ ጉድለት ብቻ ከሆነ ዝጉት። ለአንድ ወር ምንም ሳላነብ የቆየሁባቸው ጊዜያት አሉ፤ ልጆቼን እንደ ፈተና ወረቀት ማየት ስለጀመርኩ ነው። በእነዚያ ወራት ያጽናናኝ እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት ነው። ልጅ ፍጹም እናት አያስፈልገውም፤ «በቂ የሆነች» እናት ትበቃዋለች የሚል ሐሳቡን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ አስተምሯል። በኋላም ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እናቶችና ሕፃናት ሲጫወቱ በጥንቃቄ ሲመለከት፣ ሁለቱ በስሜት የሚገጣጠሙት ከጊዜው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ሆኖ አገኘው። ቀሪው መሳሳትና መልሶ መጠገን ነው፤ ልጁም የሚያድገው በዚህ መጠገን ውስጥ ነው። ጮኼባት ከሆነ ተመልሼ «ቅድም ጮህኩብሽ፤ አስደነገጥኩሽ፤ ይቅርታ» እላለሁ። ይህን ለመናገር ምዕራፍ ማንበብ አያስፈልግም።

ደግሞ መጽሐፍ የማይበቃበት ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ። ልጁ በአንድ ዓመቱ የማይኮላተፍ ወይም በጣቱ የማያመለክት ከሆነ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል ከሌለው፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አጋጥሞ የማይናገር ከሆነ፣ በስሙ ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ፣ በተለይም ቀድሞ የነበረውን ቃል ወይም ፈገግታ በማንኛውም ዕድሜ ካጣ፣ ሌላ መጽሐፍ አትግዙ፤ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ደብተራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ «መቼ ጀመረ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምን በኋላ» ነው፤ መልሱ እዚያ አለ። እንዲሁም እናትየዋ ራሷ ለሳምንታት ሐዘን ከተጫናት፣ ልጇን ማቀፍ ካቃታት፣ የመጀመሪያው እርዳታ ለእሷ ነው።

በዚህ ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስለ ጉርምስና ዕድሜ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። እንደ ልማዴ ሰባቱን ቀን ለመጻፍ ደብተር አወጣሁ፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ ሳታውቅ ሊጻፍባት አይገባም ብዬ አስፈቀድኳት። ትንሽ አሰበችና «ጻፊ፣ ግን እኔም አነበዋለሁ» አለችኝ። ትናንት ማታ ደብተሩን ስገልጥ «ከትምህርት ቤት መጣች፣ በሩን በኃይል ዘጋችው፣ ተቆጥታ ክፍሏ ገባች» ከሚለው ሥር በቀይ እስክሪብቶ በእሷ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «አልተቆጣሁም። ደክሞኝ ነበር። በሩን ንፋስ ነው የዘጋው።» ማውጫውን ገልጬ ስለ እንቅልፍ የሚያወራውን ምዕራፍ ፈለግኩ።